የሚጠፋው ኮምፒውተሬና የቋሪቷ እናት አቤቱታ

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የጠፋብኝ ቀን መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር። ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ በሩ ወጣሁ። ፊት ለፊት ያለው ጭማቂ ቤት ማሽኑን እያስጮኸ ነው፤ ከጎኑ ያለው ፀጉር ቤትም ሙዚቃውን እንደ ልማዱ ለቆታል። መብራት አለ። ተመልሼ ስገባ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳላደረገ ሰው በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ይጠብቀኛል። የጻፍኩት ክስ ግን የለም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ባለጉዳይ "አለቀ?" ሲለኝ "ሊያልቅ ነው" አልኩትና ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ።

ሥራዬ አቤቱታ መጻፍ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ያለኝ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበርና ይኸው ኮምፒውተር ነው። የገዛሁት ዕቃውን ሸጦ ከከተማው ከወጣ መሥሪያ ቤት ሲሆን ያኔም አዲስ አልነበረም። ነጭ የነበረው ሳጥኑ ቢጫ ሆኗል፤ የአንዳንዱ ቁልፍ ፊደል ተፍቆ ስላለቀ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም። እኔ ግን ለምጄዋለሁ። ብዙ ሰው በእሱ ተካስሷል፣ ብዙ ሰውም በእሱ ታርቋል።

ከዚያች ቀን በኋላ ነገሩ በረታ። አንዳንዴ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ በእንግሊዝኛ የማይገባ ነገር ይዘረዝርና ይሞታል። አንዳንዴ ያንንም ሳይል ድርግም ይላል። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ደህና ይቆይና ልቤ ትንሽ ሲያርፍ ጠብቆ የሚጠፋ ይመስለኛል። መስመር በጻፍኩ ቁጥር ሴቭ ማድረግ ጀመርኩ። እሱም አላዋጣኝም። አንድ ቀን ልክ ሴቭ ሳደርግ ጠፋና ፋይሉ ራሱ አልከፈት አለኝ።

ሕመሙን የሰማ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንድ አስተማሪ ደንበኛዬ "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ" አለኝ። ፎርማት ተደረገ። አማርኛ መጻፊያው አብሮ ጠፍቶ ፍላሽ ይዤ በየጽሕፈት ቤቱ እየዞርኩ ስለምን ሰነበትኩ፤ ኮምፒውተሩም እንደ ጥንቱ ጠፋ። ሌላው "ራሙ ቆሽሿል፣ አውጥተሽ በላጲስ ፈግፊው" አለኝ። ፈገፈግኩት። ባሌ ባጃጅ ነጂ ነውና የጎማ መንፊያውን አምጥቶ ሳጥኑን ደጅ ላይ ከፍተን አቧራውን ነፋንለት። የወጣው አቧራ የአንድ በጋ የገበያ መንገድ አቧራ ያህላል፤ ጭማቂ ቤቷ ሴትዮ ብርጭቆዋን ሸፍና ተቆጣችን። "ሙቀት ነው" ያለኝም ነበር። የሳጥኑን ጎን ከፍቼ ለራሴ የገዛኋትን ማራገቢያ አዞርኩለት። እኔ በላብ ስጠመቅ እሱ ይነፈስበታል። ጠፋ።

ኢንተርኔት ላይ እንዳላይ ዳታ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበዛል። ዝም ብዬ እንዳልቀመጥ ሥራዬ ቀጠሮና ቀነ ገደብ ያለበት ነው። እረፍት አጣሁ። ቤቴ ስገባ ባሌ "ጣቶችሽ ሶፋው ላይ እየጻፉ ነው" ይለኛል። ሶላት ላይ ቆሜ እንኳ ያቺ ድርግም የምትል ነገር ትመጣብኝና የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ እግሬ አይረጋም፤ ሰው ሲያወራኝ ጆሮዬ ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ማራገቢያው ድምፁን ትንሽ ሲቀይር ልቤ ዘሎ አፌ ይደርሳል።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ሰኔ መግቢያ ላይ የቋሪቷ እናት የመጡት።

ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አራግፈው፣ የላስቲክ ጫማቸውን ጭቃ ደፉ ላይ ጠርገው፣ "ቤቶች! አቤቱታ የምትጽፈው ልጅ አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ እናቴ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

"እግዜር ይስጥሽ።" አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ ያሰሩ ባልቴት ናቸው። የመጡት ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ካለ ቀበሌ ሲሆን፣ እዚህ ከተማ ያረፉት የባላቸው ዘመድ ቤት ነው። የታችኛው ፍርድ ቤት የፈረደበትን ወረቀት ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። አየሁት። የመሬት ክርክር ነው፤ ተሸንፈዋል። ይግባኝ የሚሉበት ጊዜ ደግሞ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ያልቃል።

"ከማን ጋር ነው የተካሰሱት?"

"ከወንድሜ።"

እኔ እንደ ሌሎቹ ጸሐፊዎች መጀመሪያ ሰምቼ በኋላ አልጽፍም። ሰውየው ሲናገር እጽፋለሁ፤ ከዚያ እያስተካከልኩ የሕግ ቅርጽ አስይዘዋለሁ። "ይንገሩኝ" አልኳቸው።

ያኔ የነገሩኝ አጭርና የተቆጣ ነበር። ባላቸው ከሞተ በኋላ ታናሽ ወንድማቸው መሬታቸውን በጉልበቱ እንደያዘባቸው፣ ምርቱን እንደከለከላቸው፣ "ውጪልኝ" ሲሉት "መሬቱ የእኔ ነው" እንዳላቸው ተናገሩ። ቃላቸው እንደ ምስክር ቃል የተጠና ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ጻፍኩት፤ ለመጻፍ የሚመች ነገር ነበር። "በኃይል ነጥቆ" የሚለውን ጽፌ ወደሚቀጥለው መስመር ስወርድ ድርግም አለ።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሴን ፊት አየሁት።

"ምን ሆነ?" አሉ።

"ጠፋ፣ እናቴ። አሁን ይነሣል።"

ተነሣ። የጻፍኩት አልነበረም። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ተቆጥተው ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ይኸኛው አነጋገራቸው ሌላ ሆነ። ከመሬቱ አልጀመሩም። እናታቸው ስትሞት ወንድማቸው ገና ጡት ያልጣለ እንደነበረ፣ በጀርባቸው አዝለው እንዳሳደጉት፣ ሲዳሩም ይዘውት እንደሄዱ ነገሩኝ። ባላቸው በሞተ ጊዜ ማረሻ የሚጨብጥ ሰው ስላልነበራቸው መሬቱን በእኩል እንዲያርሰው ራሳቸው ጠርተው ሰጡት። ብዙ ዓመት ግማሹን እህል በአህያ ጭኖ ጎተራቸው ድረስ ያደርስላቸው ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የለም።

እጄ ቆመ። "እናቴ፣ ቅድም በጉልበቱ ያዘብኝ ብለውኝ ነበር።"

"ብያለሁ።"

"አሁን ደግሞ በእጄ ሰጠሁት አሉኝ።"

"እሱም እውነት ነው።"

"ሁለቱን መጻፍ አይቻልም እኮ።"

"አንቺ ጸሐፊዋ እንደሚሆን አድርጊዋ!" አሉኝ ቆጣ ብለው። እንደሚሆን ላደርገው ጣቴን ሳነሣ ኮምፒውተሩ እንደገና ጠፋ።

ያን ቀን ሌላ ጽሕፈት ቤት ላደርሳቸው ጠይቄ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሁለት አሉ፤ ኮምፒውተራቸው ደህና ነው። "አይሆንም" አሉኝ። "የቤቴን ጉድ ለስንት ሰው ልናገር? ለአንቺ ነግሬያለሁ፤ አንቺው ጨርሺው።" በእጄ ጽፌ ሌላ ቦታ አስመትቼ ላመጣላቸው ብልም ሰው ያነበዋል ብለው እምቢ አሉ። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ቡሬ ወስጄ አሠርቼ እንደምመለስ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት እንዲመጡ ነገርኳቸው። በሩ ላይ ቆመው ሰማዩን አዩ። "አገሩ ሁሉ ዘር ላይ ነው። እኔ እዚህ ጠረጴዛ ስር እቀመጣለሁ" ብለው ወጡ።

ቡሬ የትውልድ ቦታዬ ነው። እናቴ ገበያው አጠገብ በርበሬ ትነግዳለች። ከእሷ ሱቅ አለፍ ብሎ አብሮኝ የተማረ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አለ፤ ከራዲዮ እስከ ኮምፒውተር ያልነካው ነገር የለም። ማለዳ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። መንገዱ ክፍት ነው ተብሎ ነበር፤ ቢሆንም ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ብሎ በመስኮት ያያል። ኬላው ላይ ወረድን። ፈታሹ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ "ምንድን ነው?" አለኝ።

"ኮምፒውተር ነው። ታሞብኝ ላሳክመው ነው።"

"ምኑን ነው ያመመው?"

"እሱን ባውቅ መቼ እሄድ ነበር?"

ሳይስቅ አለፈኝ። እኔም አልሳቅኩም፤ ጭኔ ላይ ያለው ብረት በጉድጓዱ ቁጥር ሲነጥር በሁለት እጄ እጫነዋለሁ።

ጠጋኙ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ከፈተው። ውስጡን በትንሽ መብራት አየው፣ ሽቦዎቹን ነካ ነካ አደረገ፣ ሰካውና ለቀቀው። ፊልም ከፈተበት። "እስኪጠፋ እንጠብቅ" አለኝ።

ጠበቅን። አልጠፋም። ሌላ ፊልም ጨመረበት፣ ጨዋታ ከፈተበት፣ ሁሉን በአንድ ላይ አሠራው። ኮምፒውተሩ አፉን ሞልቶ እየነፈሰ ይሠራል። በሕይወቴ አንድ ዕቃ እንዲበላሽ እንደዚያ ቀን ተመኝቼ አላውቅም። ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ጋሪ አያለሁ፣ ተመልሼ ስክሪኑን አያለሁ። በመጨረሻ ጠጋኙ ራሱ ተሰላችቶብኝ "ሂጂ እናትሽን አይተሽ ነይ፣ ከጠፋ እደውልልሻለሁ" አለኝ።

እናቴ ሱቋ ውስጥ የበርበሬ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ከገዢ ጋር ትከራከራለች። ገና ስገባ ማስነጠስ ጀመርኩ። ልጅ ሆኜ እዚያው ስውል አያስነጥሰኝም ነበር፤ ከተማ መቀየሬን አፍንጫዬ አውቆታል። "ምነው ከሳሽ?" አለችኝ።

"ኮምፒውተሩ ነው፣ እማ።"

"ብረት ሰው ያከሳል?"

አንድ ባልቴት እየጠበቁኝ እንደሆነ፣ ይግባኛቸው በእኔ ጦስ ሊያልፍ እንደሆነ ነገርኳት። ሰማችኝና የገዢውን ሚዛን አየች። "አንቺ ልጅ ሆነሽም እንዲሁ ነሽ" አለችኝ በኋላ። "ዝናብ ሊመጣ ነው ሲባል ያላሰጣሁትን በርበሬ ለማስገባት የምትሮጪ።" ሳቅን። ምሳ በልተን ስልኬን ደጋግሜ አየሁት። አልደወለም።

ወደ ማታ ስመለስ ኮምፒውተሩ ያንኑ ፊልም ለስንተኛ ጊዜ እያሳየ ነው። "ማሽንሽ ጤነኛ ነው" አለኝ ጠጋኙ። "ምን ላድርግለት? ያልታመመ እንዴት አክማለሁ?"

"እዚያ እኮ በየሰዓቱ ይጠፋል!"

"እንግዲያ እዚያ ያለ ነገር ነው። ቤትሽን እይው።"

የተሰደብኩ መሰለኝ። መኪናው ስላለቀ እናቴ ዘንድ አድሬ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ "ቤትሽን እይው" የምትለዋ ቃል እየከነከነችኝ ክፍሌን በሐሳቤ ስፈትሽ መጣሁ። ግድግዳው ይረጥባል? ወለሉ ይነቃነቃል? ማከፋፈያው ገመድ ይሆን? ደርሼ በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያደረግኩት ገመዱን መቀየር ነው። ከዚያ ጠረጴዛውን ወደ ሌላው ግድግዳ ገፋሁት። እናት ደጅ ላይ ቆመው ያዩኛል።

"ዳነ?" አሉኝ።

"ቡሬ ላይ ጤነኛ ነው አሉኝ።"

"ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ይተወዋል" ብለው ገብተው ተቀመጡ።

ጀመርን። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ክፍሉ ጨለመብኝ። ቀን ላይ ሁልጊዜ በበሩ ብርሃን ነው የምሠራው፤ ያን ቀን ግን አምፖሉን አበራሁት። እናት መናገር ጀመሩ፣ እኔ መጻፍ። ጥቂት መስመር እንደሄድን ከራሴ በላይ የሆነ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ቀና አልኩ። አምፖሉ ደክሞ ቀልቷል። ተመልሶ በራ። እንደገና ቀላ። ወደ ስክሪኑ ስዞር ኮምፒውተሩ ጠፍቷል።

ከወንበሬ ተነሣሁ። "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" እያልኩ በክፍሉ መሀል ቆምኩ። አምፖሉ በራ፣ ቀላ፣ በራ። ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ ካለው ግድግዳ ወዲያ የሚመጣውን ድምፅ በሙሉ ጆሮዬ የሰማሁት። ከፋሲካ ወዲህ ከኋላችን ባለው ግቢ ብየዳ ቤት ተከፍቷል። ቀኑን ሙሉ ብረት ይመታል፣ ይቆርጣል፣ ይበይዳል። ስለለመድኩት መስማት ትቼ ነበር። ድምፁ ችስስ ሲል አምፖሉ ይቀላል፤ ሲያቆም ይበራል።

እናትን "ይጠብቁኝ" ብዬ ዞሬ ሮጥኩ። በያጁ የትልቅ ግቢ በር መሬት ላይ አጋድሞ፣ ፊቱን በጥቁር መከለያ ሸፍኖ ተንበርክኳል። ጮህኩበት። መከለያውን አንሥቶ አየኝ። ባሌ በባጃጁ አደጋ የደረሰበት መስሎት ደንግጦ ነበር።

"ስትበይድ ኮምፒውተሬ ይጠፋል!"

"እኔ ምን አደረግኩ? እኔ የምሠራው ይኸን በር ነው።"

"መብራቱን ትጎትተዋለህ። አምፖሌ ሲቀላ አይቼ ነው የመጣሁት።"

"እኔም የምበይደው በዚሁ መብራት ነው እህቴ። ሌላ ከየት ላምጣ? ለዚህ በር ባለቤቱ ማታ መኪና ይዞ ይመጣል።"

ልጣላው መጥቼ ነበር። የልብሱ እጅጌ በእሳት ብልጭታ ተበሳስቷል፤ ዐይኑ ቀልቶ ያነባል። እሱም እንደ እኔ ቀጠሮ አለበት። ድምፄን ዝቅ አደረግኩና ከቋሪት የመጡ እናት እንዳሉ፣ ይግባኛቸው ዛሬ ካልገባ እንደሚያልፍባቸው ነገርኩት። መከለያውን በእጁ እያዟዟረ አሰበ።

"እሺ። የቀረውን እስከዚያ በመሮ ላስተካክል። ስትጨርሺ ግድግዳውን ምቺልኝ።"

ተመለስኩ። እናት አሁንም ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩን አስነሣሁት። "አሁን አይጠፋም እናቴ። እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ይንገሩኝ፤ ከየትም ይጀምሩ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። "ወንድሜ ቀማኛ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ያን አትጻፊው።"

አልጻፍኩም። ጣቴን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

"ወሬ ነው ያጣላን። መሬቷን ለባሏ ወንድም ልጅ ልታወርሰው ነው ብለው ነገሩት። እንደዚያ አላሰብኩም፤ ለማንም አላልኩም። እሱ ግን መጥቶ አልጠየቀኝም። ይኸን ያህል ዓመት አርሼላት ለባዳ ሰጠችው ብሎ እህሉን ያዘብኝ። እኔም 'ውሸት ነው' ብዬ አልላክሁበትም።"

"ለምን እናቴ?"

"እስኪ ጠይቆኝ ይመጣ እንደሆን ልየው ብዬ ነዋ። ያዘልኩት ልጅ አይደለም? አንድ ቀን በሬን ገፍቶ 'እህቴ፣ እውነት ነው ወይ?' ቢለኝ ምን ነበረበት?" ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "እሱ እኔን ሲጠብቅ፣ እኔ እሱን ስጠብቅ፣ ሰው መሀላችን ገባና ፍርድ ቤት አቆመን። እዚያ ስንቆም ደግሞ እሱም ያልሆነውን ተናገረ፣ እኔም ያልሆነውን ተናገርኩ።"

"ይኸን ለእኔ ከሚነግሩኝ ለእሱ ቢነግሩትስ?"

"ምላሴ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። ለአንቺ እንኳ የወጣልኝ ያ ዕቃሽ እየጠፋ ደጋግሜ ስናገረው አይደል? መጀመሪያ ቀን የነገርኩሽ ሰዎች ያስጠኑኝን ነው።"

ምን እንደምጽፍ ግራ ገባኝ። ይግባኙ ካልገባ መብታቸው ያልፋል፤ እንደ ቀድሞው ከጻፍኩት ደግሞ ወንድማቸው ሌላ ቁስል ይጨመርበታል። "ይግባኙን ልተወው?" አልኳቸው።

"አትተዪው። መሬቴ መሬቴ ነው። ግን ክፉ ቃል አታግቢበት።"

እንዲህ ያለ አቤቱታ ጽፌ አላውቅም። መሬቱን በእኩል እንዲያርስ ራሳቸው እንደሰጡት፣ ለማንም እንዳላወረሱት፣ ለማውረስም እንዳላሰቡ፣ ይዞታቸው ተረጋግጦ ወንድማቸው እንደ ቀድሞው እያረሰ ግማሹን እንዲሰጣቸው ጻፍኩ። "በኃይል"፣ "በማን አለብኝነት" የሚሉትን፣ እኔ ሳላስበው እጄ የሚጽፋቸውን ቃላት፣ እየተውኩ ስሄድ ድካሙ ሌላ ነው። ግድግዳው ወዲያ የመሮው ድምፅ ቀስ እያለ ይሰማል። ፕሪንተሩ የመጨረሻውን ገጽ ሲያወጣ ተቀበልኩት። አነበብኩላቸው። ወንድማቸውን የጠሩበት መስመር ላይ ስደርስ "እሱን ድገሚልኝ" አሉኝ። ደገምኩት። ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳቸውና በዝናቡ አብረን ፍርድ ቤቱ ድረስ ሄደን አስገባነው። ስመለስ ግድግዳውን መታሁ።

የኮምፒውተሩ ነገር እዚያ ላይ አላበቃም። ለጠጋኙ ደውዬ ያየሁትን ስነግረው ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን አሰበና በሌላ ሳምንት ራሱ መጣ። መብራቱን ተቀብሎ ለውስጡ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ፓወር ሳፕላይ የሚሉት፣ ስላረጀ ትንሽ ጉድለት ሲመጣበት መቋቋም አቅቶት ነው አለኝ። ቡሬ ላይ መብራቱ ስላልተጎተተበት ችሎ ዋለ። ከሞተ ኮምፒውተር የወጣ ደህና ፓወር ሳፕላይ ቀየረልኝ። መብራቱን የሚያመጣጥን ስታብላይዘርም ገዛሁ። አሁንም አልፎ አልፎ ይጠፋል፤ እንደ ዱሮው ግን አይደለም። በያጁ ትልቁን ብረት ሲጀምር ግድግዳውን ይመታልኛል። እኔ ግን ያ የሚያቅበጠብጠኝ ነገር ቶሎ አልተወኝም። ኮምፒውተሩ ደህና ውሎ ሲያድር እንኳ ምን እያሰበ ይሆን እያልኩ ጆሮዬን ወደ እሱ እጥላለሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት እናት መጡ። ከኋላቸው ዱላውን ትከሻው ላይ ያደረገ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የገባ ረጅም ጎልማሳ አለ። አፍንጫቸው አንድ ነው። እሳቸው ሳይነግሩኝ አወቅኩት።

ፍርድ ቤት ቆመው አቤቱታው ሲነበብ፣ መሬቱን ለማንም አላወረስኩም የምትለዋ መስመር ላይ ሲደርስ ወንድማቸው "እንዲህ ብላለች?" ብሎ ዳኛውን እንዳስደገማቸው እናት ነገሩኝ። ዳኛውም ወጥተው እንዲነጋገሩበት ቀጠሮ ሰጧቸው። ሽማግሌ ገባ። አሁን የመጡት የእርቁን ስምምነት ሊያስጽፉ ነው።

"ያኔ አንድ ቃል ብትልክብኝ እኮ እዚህ አንደርስም ነበር" አለኝ ወንድምየው፤ የሚናገረው ለእኔ ይሁን እንጂ የሚያየው እሳቸውን ነው።

"አንተስ እግር አልነበረህም?" አሉት።

"ጾሙ የገባ ዕለት እህል ይዤ ስመጣ በር ዘጋሽብኝ።"

"መቼ ዘጋሁብህ? ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ!"

ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የስማቸውን መስመር መጻፍ ጀመርኩ። ያለፈውን ዓመት እህል ከዘንድሮው ምርት ጋር ከፋፍሎ እንዲያስገባ፣ መሬቱን እንደ ቀድሞው በእኩል እንዲያርስ ተስማሙ። በድንበሩ ላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ላይ ግን ሳይስማሙ ቀሩ። እሳቸው ባሌ የተከለው ነው ይላሉ፤ እሱ እኔ ነኝ የኮተኮትኩት ይላል። እንደማይሆን ሳውቅ "ይኸን ወደ ፊት ትነጋገሩበታላችሁ" ብዬ ሳልጽፈው ተውኩት። ፈርመው ወጡ።

ከበሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። እሱ ዱላውን ይዞ ከፊት፣ እሳቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከኋላ፣ ወደ መኪና ተራው ሲወርዱ ስለ ባሕር ዛፉ መከራከር ጀምረዋል። ድምፃቸው ከፍ ሲል የፈረስ ጋሪ የሚነዳ ሰው ዞሮ አያቸው። ትንሽ እንደሄዱ እሱ ቆመ፣ ጃንጥላቸውን ከእጃቸው ተቀብሎ በብብቱ ያዘና ክርክሩን ካቆመበት ቀጠለ።